የኋላውን ጎማ ማን አቀናው

አየሉ ጎማ መፍታትና መግጠም ከጀመረ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶታል። ቤር ሼቫ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ሰዉ ሁሉ ፓንቸሪያ በሚለው ጎማ ቤት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቱታውን ይለብሳል፤ ስታዘቀዝቅ ያወልቃል። እስካሁን ስንት ጎማ እንደ ፈታ ቢጠይቁት «የጸጉሬን ያህል» ይላል፤ ከዚያ ራሰ በራውን ዳሰስ አድርጎ ይስቃል። ቀልዱ አንዲት ናት፤ ለማንም አይቀይራትም።

ታዲያ ይህ ሰው ጎማ ብቻ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። መኪና ገና ከበሩ ሲገባ የትኛው ሞላ እንደ ደከመ፣ የትኛው እግር ወደ ውስጥ እንደሚያይ ይነግራችኋል። አባቱ ወገራ አገር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ ሲያቀኑ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዱ ነበር የሚያዩ፤ እሱም መኪና ሲያይ እንደዚያው ነው። ግን ምን ዋጋ አለው! የጎማ ማቃኛው ማሽን ላይ የሚቆም ሰው ትዑዳ፣ ማለትም የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ፈተናው ደግሞ በዕብራይስጥ የሚጻፍ ነው። አየሉ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን እስራኤል ሲገባ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ዕብራይስጡን ይናገራል፤ ሊያነብ ሲል ግን ምላሱ ይታሰራል። ሁለት ጊዜ ተፈተነ፣ ሁለት ጊዜ ጣሉት። ሦስተኛ አልሄደም።

ማሽኑ ላይ የሚቆመው የሚስቱ ወንድም ይጋል ነው። ይጋልን ያሳደገው አየሉ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። የሚስቱ የማንአለብሽ እናት ሲሞቱ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አየሉና ማንአለብሽ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ባለች ሁለት ክፍል ቤት ገና ሙሽሮች ነበሩ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚሄድ አየሉ ነው። ጦር ሠራዊት ሲገባ ሻንጣውን ተሸክሞ ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ የሸኘው አየሉ ነው። ከጦሩ ሲመለስ እጁን ይዞ ጎማ ቤት ያስገባው፣ ብሎን በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈታ ያሳየው አየሉ ነው። ሙያውን ከአየሉ ተማረ፤ ወረቀቱን ከመንግሥት ወሰደ። አየሉ በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። «ከአንድ ቤት አንድ ወረቀት ይበቃል» ይል ነበር፤ ከልቡም ነበር የሚለው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሐጋር የምትባል ሴት መኪናዋን ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ አርባ ዓመት አለፍ ያላት፣ ዖሜር የምትኖር ሴት ናት። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ የተቀመጠ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ቀላል ከመሆኗ የተነሣ ጫፏን ይዘው አራት ጎረምሶች ቢያነሷት የምትነሣ ትመስላለች። ሐጋር ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከዓራድ ወዲያ በረሃው ውስጥ ባለው የመሮጫ ሜዳ ከጓደኞቿ ጋር ትነዳታለች። በቅርቡ የመንገድ ጎማዋን አውልቃ የሩጫ ጎማ አስገብታ ነበር፤ አስፋልቱን እንደ ሙጫ የሚይዝ ለስላሳ ጎማ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አበደች። ኩርባ ላይ እግሯን ከነዳጁ ስታነሣ ኋላዋ ይከዳትና ትሽከረከራለች። ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ በመጨረሻው አሸዋ ውስጥ ገብታለች።

ይጋል ማሽኑ ላይ አወጣት። ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

«ጤነኛ ናት ይላል» አለ ይጋል።

«ባዶ መኪና ነዋ ያየ» አለ አየሉ፣ ከሥር ተጋድሞ ሞላውን እየዳሰሰ። «ይህችን የመሰለች ላባ፣ ሰው ሲገባባት ሌላ መኪና ናት። ሴትዮዋ ስትቀመጥ መኪናዋ በግራ በኩል ዝቅ ትላለች፤ ዝቅ ስትል የኋላ እግሮቿ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። በድሮው ጎማ ያ አይታወቅም፣ ጎማው ራሱ ይንሸራተታል። አዲሱ ጎማ መንገዱን አልለቅም ሲል ገላዋ ሁሉ ይጋደማል። ሞላውም ለዚህ ጎማ አይችልም፣ ልፍስፍስ ነው። እንደገና ካልተቃናች ሴትዮዋን ትገድላታለች።»

እንግዲህ መኪናዋን ለማቃናት የሐጋርን ክብደት ወንበሩ ላይ መጫን አለበት። ለዚያ ክብደቷን ማወቅ ነው። አየሉ አንዲት የተማረች ሴት ስንት ኪሎ ነሽ ብሎ ከሚጠይቅ ምድር ብትውጠው ይመርጣል። ይጋልን ቢለምነው ይጋል እየሳቀ «አንተ ጠይቃት» አለው። በመጨረሻ አየሉ መሬት መሬት እያየ ለመኪናዋ ስንት ኪሎ ሩዝ ላስገባላት ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ጠየቃት። ሐጋር እስኪያስላት ሳቀችና «ስድሳ ሁለት» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድሳ ሁለት ኪሎ ሩዝ በከረጢት ሆኖ ወንበሩ ላይ ቀበቶ ታስሮ ተቀመጠ።

ሦስት ሳምንት ሠራት። ቀን የሰው ጎማ እየለወጠ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ጓሮ ውስጥ እስኪመሽ ድረስ። ሞላዎቹን በጠንካሮች ለወጣቸው፤ የኋላዎቹን ግን ከፊተኞቹ ለዘብ አድርጎ። ቁመቷን አንድ ጣት ዝቅ አደረገ። በመኪናዋ ግራና ቀኝ ናይሎን ክር ወጠረ፤ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጫፍ፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የኋላ ጫፍ በብረት ማስመሪያ ለካ። ብሎኗን ሩብ ዙር ያዞራል፤ መኪናዋን ወደ ፊት ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንደገና ይለካል። ሦስት ሚሊ ሜትር ነው የሚፈልገው፤ የኋላ ጎማዎቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲያዩ። ይጋል የክሩን ጫፍ ይይዝና አየሉ የሚጠራውን ቁጥር ስልኩ ላይ ይጽፋል። ሐጋር አንዳንድ ቀን መጥታ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን መኪናዋን ወደ ሜዳው ወስደው ሐጋር ዞራ ስትመለስ አየሉ ሮጦ በእጁ ጀርባ ጎማውን ዳሰሰ፤ ውስጡን፣ መሐሉን፣ ዳሩን። «መሐሉ ነው የሚፈጅ፤ አየሩ በዝቷል» አለና አስተነፈሰላት።

በሦስተኛው ሳምንት ሐጋር አንድ ወሬ አመጣች። ሜዳው ላይ አዲስ የጥገና ቤት ሊከፈት ነው። መኪኖችን የሚያቃና አንድ አለቃ ይፈልጋሉ፤ ሁለት ሰዎች ከሥሩ ይሆናሉ። «ትዑዳ ጥሩ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም» አለች። «ኮሚቴው ዓርብ መኪናዬን ያያል። ይህችን መኪና ያቃና ሰው ነው የሚፈልጉት።»

አየሉ ብሎኗን ማጥበቁን ቀጠለ። ልቡ ግን ሜዳው ሄዷል። በሃምሳ አንድ ዓመቱ ሰው አለቃ ሊለው! የሚያውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሊያይለት! ከጎማ ሥር ተነሥቶ ቀና ብሎ ሊሠራ!

ቤቱ ሲገባ ማንአለብሽ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። አረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ውላ መግባቷ ነው፤ እግሯ አብጧል። አየሉ እርጥቡን አንሶላ በአንድ ጫፍ ያዘላት።

«ማንአለብሽ፣ ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ» አላት።

ይህ ሰው በጋብቻ ሃያ ስድስት ዓመት ሲኖር «እፈልጋለሁ» ብሎ አያውቅም። ምን ልሥራልህ ስትለው «ያለው» ነው። የት እንሂድ ስትለው «አንቺ ያልሽው» ነው። አሁን ግን አለ፤ ካለ በኋላም እንደ ልጅ አፈረ። ማንአለብሽ አየችው። «እግዜር ያውቃል» ብላ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለች።

ይጋልም በማግስቱ ነገሩን አነሣለት። «ጋሼ፣ አንተ አትጨነቅ። ኮሚቴው ሲጠይቅ እኔ እናገርልሃለሁ። ዕብራይስጤ ከዕብራይስጥህ ይሻላል።»

«አደራህን» አለ አየሉ።

«አደራ አያስፈልግም፣ ጋሼ። አባቴ እኮ ነህ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በነአየሉ አገር ደንብ፣ በሰው ፊት ተነሥቶ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያልተቀጣ ነው። የሠራኸውን ወደ ዘመድህ ትገፋለህ። ዘመድህ ደግሞ «ኧረ ወዲያ፣ እሱ ነው እንጂ» ብሎ ይመልስልሃል። አንተ ትብስ አንተ ትብስ ተባብላችሁ በመጨረሻ እውነቱ ቦታውን ይይዛል። ጨዋነት ማለት ይኸው ነው። ያቺን ሁለተኛይቱን ቃል የሚመልስ ሰው ከሌለ ግን ጨዋው ባዶ እጁን ይቀራል።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው ላይ ነፋስ አልነበረም። ሐጋር ራስ ቁሯን አድርጋ ገባች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ዞረች፤ ከዚያ እግሯን ጫነች። ያቺ ሦስት ጊዜ ያሽከረከረቻት ኩርባ ላይ ስትደርስ አየሉ ትንፋሹን ያዘ። መኪናዋ ጭራዋን ሳታወዛውዝ፣ በወጠረው ክር ላይ የምትሄድ ይመስል አለፈች። አሥር ዙር ዞረች፤ አሥሩም እንደ መጀመሪያው። ስትቆም ሐጋር ፊቷ ቀልቶ፣ ጸጉሯ በላብ ተጣብቆ ወጣች። የኮሚቴው ሁለት ሰዎች ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ሞላውን አዩ፤ ተያዩ።

«በሉ» አለች ሐጋር፣ ሁሉም እየሰማ፣ አየሉን ዓይን ዓይኑን እያየች። «ይህችን መኪና ማን ነው ያቀናት?»

አየሉ አንገቱን ደፋ። እንደ ወጉ እጁን ወደ ይጋል ዘረጋ። «እሱ ነው» አለ። «እኔማ ጎማ አቀባይ ነኝ።»

ከዚያ ጠበቀ።

ይጋል ፈገግ አለ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ቶዳ፣ አየሉ» ብሎ በዕብራይስጥ አመሰገነው። ጋሼ አላለም። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረና ቁጥሮቹን በጥሩ ዕብራይስጥ ማንበብ ጀመረ። የፊት ሞላ ይህን ያህል፤ የኋላ ሞላ ይህን ያህል፤ የኋላ ጎማ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። የነጂዋን ክብደት ወንበሩ ላይ መጫን እንዴት እንደ ታሰበው አስረዳ። ስለ ሩዙ ሲነግራቸው ሳቁ። አየሉ አሁን ይመልሳል፣ አሁን ይመልሳል እያለ ቆሞ ጠበቀ። ሰዎቹ ይጋልን ጨበጡት። ወደ ጥላው ሄዱ። አየሉ ከመኪናዋ ጋር ብቻውን ቀረ። ክው ብሎ ነበር፤ እጁ እንኳ ከዘረጋበት የወረደው ቆይቶ ነው።

ሲመለሱ ይጋል ነበር የሚነዳ።

«ይጋል።»

«አቤት ጋሼ።»

«አልተናገርክልኝም።»

ይጋል መልሱን በዕብራይስጥ ነው የሰጠው፣ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሣ። «አንተ ራስህ እሱ ነው አልክ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ምን ልበል፣ ውሸታም ነው ልበል?»

አየሉ ያን ዕብራይስጥ ሰምቶ ወሽመጡ ተቆረጠ። ባሳደግሁት ውሻ ተነከስኩ የሚባለው ተረት ምላሱ ላይ መጣ፤ ዋጠው። ልጁን ውሻ ሊለው አፉ አልቻለም። ሰንበት ሊገባ ነበርና ቤት ሲደርስም ለማንአለብሽ «ደክሞኛል» ብቻ አላት። ምን ሆንክ ብላ አልጠየቀችውም። ያኔ ልብ አላለም።

እሑድ ሐጋር ጎማ ቤቱ መጣች፤ ለሳምንቱ የመንገድ ጎማዋን ልታስመልስ። ይጋል በዚያ ቀን አልነበረም፤ ሜዳው ሄዶ ውል ሊፈርም ነው። አየሉ መኪናዋን በክሪክ አነሣት። ሐጋር አጠገቡ ቆማ ትንሽ ካመነታች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አየሉ፣ አንተ እንደ ሠራሃት አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ከሥሯ ስትወጣ ስትገባ አይቼሃለሁ፤ ዓይነ ስውር አይደለሁም። በሁሉ ፊት የጠየቅሁት ለዚያ ነው። እኔ ነኝ ብትል ቦታው ያንተ ነበር፤ ሰዎቹንም አሳምኛቸው ነበር።»

አየሉ ብሎን መፍታቱን አቆመ።

«ግን ሚስትህ የነገረችኝ ልክ እንደ ሆነ አየሁ» አለች ሐጋር።

«ምን ነገረችሽ?»

«ረቡዕ ደውላልኝ ነበር። ወገብህ እንደ ታመመ፣ ሥራውን እንደማትፈልገው፣ ግን እንቢ ማለት እንደሚያሳፍርህ ነገረችኝ። ብትጠይቂው ይጋል ነው ይልሻል፣ ያኔ አታስጨንቂው አለችኝ። ልክ እንዳለችው እሱ ነው ስትል፣ በል ይሁን አልኩ። ልክ አይደለም እንዴ?»

እግዜር ያሳያችሁ። ዝም ቢል ሥራው ሄደ። እውነቱን ቢናገር ሚስቱን በባዕድ ፊት ውሸታም ማድረጉ ነው። የጤና ወገቡን ቀጥ አድርጎ ቆሞ ሐጋርን አያት።

«ልክ ነው» አለ። «ወገቤ ነው።»

ጎማዎቹን ገጠመ። አራቱንም አጠበቀ፤ ደግሞ ዞሮ አጠበቀ። ሐጋር ወገብህን ይማርህ ብላው ሄደች። አየሉ ቱታውን ሳያወልቅ ለአሠሪው አሞኛል አለና በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ወደ ዳሌት ወጣ። አውቶቡስ በአጠገቡ ሁለት ጊዜ አለፈው።

ማንአለብሽ ቤት ነበረች፤ እሑድ ተራዋ ከሰዓት በኋላ ነው። በቱታው ሲገባ ባየች ጊዜ ሽንኩርቱን መክተፏን ተወች።

«ረቡዕ ሐጋር ዘንድ ደወልሽ» አላት።

አልካደችም። ይህን ያህል ጨዋነት አላት። እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ደወልኩ» አለች። «ስልኳን ይጋል ሰጠኝ። ሥራውን እሱም ለምኖ ነበር፤ ካንተ ቀድሞ ማመልከቻ አስገብቷል። እማዬ ስትሞት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ፤ ልጁን አደራ ነው ያለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባ፣ አልቆመ። አንተ ቆመሃል።»

«ያለኝ ጎማ ቤት ውስጥ መንበርከክ ነው፣ ማንአለብሽ። ቆመሃል የምትይኝ እሱን ነው?»

«እንጀራችን አልጎደለም። እሱ ቢያገኘውም ከቤት አይወጣም ብዬ ነው። እሱ ጋሼን እንዴት ልብለጠው ብሎ ሲፈራ፣ አንተ ምንም አትበል አልኩት። ዝም ብለህ ቁም። አየሉን አውቀዋለሁ፤ በሰው ፊት ከጠየቁት ራሱ አንስቶ ይሰጥሃል አልኩት።»

አየሉ ግድግዳውን ተደገፈ። የይጋል ክዳት አንጀቱን አሳርሮት ነበር፤ ይኼ ግን ሌላ ነው። ልጁ ያገኘውን ነው የወሰደ። ይህቺ ግን ሃያ ስድስት ዓመት አጠገቡ ተኝታ የተማረችውን ጠባዩን፣ አለመናገሩን፣ አንገት መድፋቱን፣ አውጥታ ለሌላ ሰው እንደ ቁልፍ አቀበለችበት።

«እኔስ?» አላት። «እኔን አላሰብሽኝም?»

ማንአለብሽ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ ያዘው። በዳይ ሲጨንቀው መቆጣቱ ያለ ነው። «አንተ መች ትናገራለህ!» አለችው። «ይህን ያህል ከፈለግኸው ለምን አልተናገርክም? ለኮሚቴው አልተናገርክ፣ ለሐጋር አልተናገርክ። እፈልገዋለሁ ማለት ያቅታል? ሰው በምን ይወቅልህ?»

አየሉ ከተደገፈው ግድግዳ ቀና አለ። ሊጮህ መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። አልጮኸም።

«ለአንቺ ተናገርኩ እኮ» አላት። «ሌላ ለማንም አልተናገርኩ። ለአንቺ ነው የተናገርኩ።»